ሳይጠሩዎት አቤት አይበሉ

ሹመት መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። አንድ ቀን የአንድ አሜሪካዊ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ይሁኑ ቢባሉ፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ስለ ቤተ ሙከራው፣ ስለ መምህራኑ ደመወዝ የሚመክርዎት አይጠፋም። እኔ የምመክርዎት ግን ከእነዚህ ሁሉ ስለሚበልጠው ጉዳይ ነው፦ የእግር ኳስ ቡድንዎ የትኛው ኮንፈረንስ ውስጥ እንደሚጫወት። እግር ኳስ ስል የራስ ቁር ደፍተው በእጅ የሚጫወቱትን ማለቴ ነው። በዚህ ጉዳይ ከአገሬው ጋር አይከራከሩ፤ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ ጠላት ያበዛብዎታል።

እኛ የለመድነው ሌላ ነው። ቅዱስ ጊዮርጊስም ይሁን አርሰናል፣ ቡድን ካሸነፈ ከፍ ይላል፤ ከተሸነፈ ወራጅ ቀጠና ውስጥ ይገባል፤ ደጋፊው ሰንጠረዡን አይቶ ዕድሉን ያሰላል። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ኮንፈረንስ በሚባሉ ማኅበራት ይሰባሰባሉ። የቴሌቪዥን መብቱን የሚሸጠው ማኅበሩ ነው፤ ገንዘቡን የሚያከፋፍለውም እሱ ነው። ሀብታም ማኅበር ውስጥ ያለ ቡድን አሥር ዓመት ሙሉ ቢደበደብ የሚያወርደው የለም። ደሃ ማኅበር ውስጥ ያለው ደግሞ አሥር ዓመት ሙሉ ቢያሸንፍ የሚያወጣው የለም። የሚወጣው ከተጠራ ብቻ ነው። ስለዚህ ዋና ሥራዎ ደጅ ጥናት ይሆናል ማለት ነው። ደግነቱ አያቶቻችን በየመኳንንቱ ግቢ ዕድሜያቸውን የፈጁበት ሙያ ስለሆነ፣ ከሌላው አመልካች ይልቅ ለእርስዎ ይቀልዎታል።

ከሁሉ አስቀድመው ቁጥርና ካርታ ይርሱ። በስሙ አሥር የሆነው ቢግ ቴን 18 አባላት አሉት፤ ቢግ ትዌልቭ ደግሞ 16። ፔን ስቴት ተጨምሮ የቢግ ቴን አባላት 11 በሆኑ ጊዜ ስሙን እንደመለወጥ፣ 11 ቁጥርን በዓርማው ፊደላት መካከል ባለው ክፍት ቦታ ሸሽገውት ነበር። የአትላንቲክ ዳርቻ ኮንፈረንስ የሚባለው ኤሲሲ ከ2024 ጀምሮ ስታንፎርድንና በርክሌይን ይዟል። ሁለቱም ከአትላንቲክ በአህጉር ስፋት ርቀው ፓስፊክ ጥግ የተቀመጡ ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በስብሰባ ላይ ይህን ነገር ካነሱ ነገረኛ ይባላሉ፤ ዝም ይበሉ።

ቀጥለው ጠሪው ማን እንደሆነ ይወቁ። ደብዳቤው ላይ የሚፈርሙት እንደ እርስዎ ያሉ ፕሬዚዳንቶች ናቸው። ስለ ታሪክ፣ ስለ ጋራ እሴት፣ ስለ ተማሪው ጥቅም ያወራሉ፤ ያዳምጧቸው፣ ራስዎንም ነቅነቅ ያድርጉ። ከመጋረጃው ጀርባ የተቀመጠው ግን ቴሌቪዥን ነው። የኒው ጀርሲውን ራትገርስን ይመልከቱ። በ1869 ከፕሪንስተን ጋር የመጀመሪያው የሚባለውን የኮሌጅ እግር ኳስ ጨዋታ አድርጎ 6 ለ 4 አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲህ ግን እምብዛም የሚያስፎክር ነገር አልነበረውም። ታዲያ ቢግ ቴን በ2012 ለምን ጠራው? ማኅበሩ በ2007 ከፎክስ ጋር ሆኖ የራሱን የኬብል ጣቢያ ከፍቶ ነበር። አባል ዩኒቨርሲቲ ባለበት ግዛት የኬብል ኩባንያው ለጣቢያው በየደንበኛው የሚከፍለው ሒሳብ ከሌላው ግዛት ይበልጣል። ኒው ጀርሲ ሲገባ የኒው ዮርክ ዙሪያ ተከትሎ ይገባል፤ ሜሪላንድ ሲገባ ዋሽንግተንና ባልቲሞር ይከተላሉ። ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖሩ አንባቢዎቼ፣ ልጆቻችሁ የሚማሩበት የኮሌጅ ፓርኩ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኤሲሲን በ1953 ከመሠረቱት አንዱ ነበር። በ2014 ከኖርዝ ካሮላይና ጎረቤቶቹ ተለይቶ ከአዮዋና ከኔብራስካ ጋር የተጎዳኘው በእናንተ የኬብል ሒሳብ የተነሳ ነው። ጨዋታውን አንድም ቀን አይታችሁ አታውቁ ይሆናል፤ ከፍላችኋል ግን።

ስለዚህ ማመልከቻዎ ላይ ዋንጫ አይደርድሩ፤ በከተማዎ ስንት ቤት ቴሌቪዥን እንዳለ ይጻፉ። ዛሬ ኬብሉ እየከሳ ስለመጣ፣ ቅዳሜ ማታ ስንት ሰው ቡድንዎን ፈልጎ እንደሚከፍት ጭምር ይጨምሩበት። የኖቤል ተሸላሚ መምህር ካለዎት በግርጌ ማስታወሻ ቢያስገቡት አይከፋም። ቢግ ቴን በምርምር የታወቁትን ይወዳል ይባላል። ኔብራስካ በ2010 ተጠራ፤ የትላልቅ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር በ2011 ከአባልነት ሰረዘው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ያለ ምንም ችግር ቢግ ቴን ገባ። የምርምሩን ክብር ደብዳቤው እስኪደርስዎ ድረስ ብቻ ይጠብቁት፣ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ጥንቃቄ ልምጣ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚለውን ተረት ሳንዲያጎ ስቴት የሰማው አይመስለኝም። በ2023 የጸደይ ወራት ዩኒቨርሲቲው ደረቱን የሚነፋበት ምክንያት ነበረው፤ የወንዶች ቅርጫት ኳስ ቡድኑ ለብሔራዊው ሻምፒዮና ፍጻሜ ደርሷል። የሎስ አንጀለሶቹ ዩኤስሲና ዩሲኤልኤ ፓክ ትዌልቭ ከሚባለው የምዕራብ ዳርቻ ኮንፈረንስ ሊወጡ ቀናቸውን ይቆጥራሉ፤ ደቡብ ካሊፎርኒያ ባዶውን ሊቀር ነው። ከእኛ ሌላ ማን ይጠራል? ችግሩ፣ ያለበት ኮንፈረንስ ማውንቴን ዌስት ለመውጫ 16.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይጠይቃል፤ ጁን 30 ካለፈ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ይሆናል። ፓክ ትዌልቭ በበኩሉ የቴሌቪዥን ውሉን ሳይጨርስ ማንንም ለመጥራት አልቸኮለም። ቀኑ ቀረበ፤ ስልኩ አልጮኸም።

በጁን አጋማሽ ዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈ። ይዘቱ ባጭሩ፣ ለመልቀቅ አስበናል፣ ግን እባካችሁ አንድ ወር ጨምሩልን የሚል ነው። የዚህን ደብዳቤ ቅጂ አግኝተው ቢሮዎ ግድግዳ ላይ ይስቀሉት። ማውንቴን ዌስት እንግዲያው ለቃችኋል፣ ሒሳባችሁን ክፈሉ አለ፤ ሊያከፋፍላቸው ከነበረው ገንዘብም ድርሻቸውን ያዘ። ዩኒቨርሲቲው አሰብን አልን እንጂ ለቀቅን አላልንም ብሎ ተከራከረ። ጁን 30 ደረሰ፤ ጥሪ የለም፤ እዚሁ ነን ብለው ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። በጁላይ ታረቁና ነገሩ በረደ። ብዙም ሳይቆይ፣ ኦገስት 4 ቀን፣ የተጠናው ደጅ ራሱ ፈረሰ፦ ኦሪገንና ዋሽንግተን ወደ ቢግ ቴን፣ አሪዞና፣ አሪዞና ስቴትና ዩታ ወደ ቢግ ትዌልቭ በአንድ ቀን ሄዱ፤ ኮሎራዶ ከሳምንት በፊት ቀድሟቸው ነበር። ሳንዲያጎ ስቴት ቢጠራ ኖሮ ሊገባ የነበረው እዚያ ውስጥ ነው። አለመጠራት አንዳንዴ በረከት ነው፤ ይህንን ግን ለተመራቂዎች ማኅበር አያስረዱ፣ አይገባቸውም።

ቃለ መጠይቅ ከተጠሩ ደግሞ የ2016ን ታሪክ አስቀድመው ያጥኑ። ቢግ ትዌልቭ በዚያ ዓመት አሥር አባላት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ በጁላይ ለመስፋፋት እያጠናሁ ነው ብሎ አወጀ። የአገሩ ደጅ ጠኚ ሁሉ ነቃ። አማካሪ ተቀጠረ፣ ባለቀለም ጥራዝ ታተመ፣ ምክትል ፕሬዚዳንቶች ሰፋ ያለ ሱፍ አሰፉ። የቴክሳስ ገዥ ሂውስተን ዩኒቨርሲቲ የማይገባበት መስፋፋት የማይታሰብ ነው ብለው በትዊተር ጻፉ። ለመጨረሻው ዙር 11 ዩኒቨርሲቲዎች ቀሩ፦ ብሪገም ያንግ፣ ሲንሲናቲ፣ ሂውስተን፣ ሴንትራል ፍሎሪዳ፣ ሳውዝ ፍሎሪዳ፣ ኮኔቲከት፣ ኮሎራዶ ስቴት፣ ራይስ፣ ቱሌን፣ ኤስኤምዩ እና የአየር ኃይል አካዳሚ። አስቡት፤ የአሜሪካ አየር ኃይል መኮንኖች ሳይቀሩ ተሰልፈው ደጅ ጠንተዋል። ኦክቶበር 17 የኮንፈረንሱ ፕሬዚዳንቶች ተሰብስበው በአንድ ድምፅ ወሰኑ። ማንንም አልጠሩም።

ለምን ቢሉ ብዙ ምክንያት ተደረደረ፤ እኔ ግን ውሉን አያለሁ። ከኢኤስፒኤንና ከፎክስ ጋር የነበረው ውል አዲስ አባል በገባ ቁጥር ቴሌቪዥኖቹ የነባሮቹን ያህል ድርሻ እንዲከፍሉ ያስገድድ ነበር፤ እነሱም ነገሩን አልወደዱትም። አምስት ዓመት አለፈ። በ2021 ቴክሳስና ኦክላሆማ ቢግ ትዌልቭን ጥለው ኤስኢሲ ወደሚባለው ሌላ ሀብታም ኮንፈረንስ እንደሚሄዱ ተሰማ። ሁለት ወር ሳይሞላ ከእነዚያው 11 መካከል አራቱ፣ ብሪገም ያንግ፣ ሂውስተን፣ ሲንሲናቲና ሴንትራል ፍሎሪዳ፣ ተጠሩ። ያኔ የጎደላቸው ምን ነበር? አሁንስ ምን ሞሉ? የአመልካቹ ፋይል ያው ነው፤ የተቸገረው ጠሪው ነው። እንግዲህ የራስዎን ስታዲየም ከማሳደስ ይልቅ የጠሪውን ችግር መከታተል ያዋጣል።

በነገራችን ላይ የጠሪዎችን ወዳጅነት አይመኑ። በዚያው በ2021 ኦገስት ቢግ ቴን፣ ኤሲሲና ፓክ ትዌልቭ ጥምረት መሠረትን ብለው በደስታ አስታወቁ። የተፈረመ ውል አለ ወይ ተብለው ሲጠየቁ፣ መተማመን እያለ ወረቀት ምን ያደርጋል ዓይነት መልስ ሰጡ። አሥር ወር ቆይቶ ቢግ ቴን የወዳጁን የፓክ ትዌልቭን ሁለት የሎስ አንጀለስ ዓምዶች ነቅሎ ወሰደ። እኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ይቀመጥበት ነበር።

ስለ ዋጋ እንነጋገር። መጠራት በነፃ አይደለም፤ ነፃ የሚሆኑት እርስዎ ነዎት። ኦሪገንና ዋሽንግተን ቢግ ቴን የገቡት ከነባሮቹ ባነሰ ድርሻ ነው። ስታንፎርድና በርክሌይ ኤሲሲ ሲገቡ ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ዓመታት ከሙሉው የቴሌቪዥን ድርሻ 30 በመቶ ያህል ብቻ ሊያገኙ ተስማሙ። የዳላሱ ኤስኤምዩ ሁሉንም በለጠ፤ ዘጠኝ ዓመት አንድም የቴሌቪዥን ገንዘብ አልፈልግም አለ። ባለጸጋ ተመራቂዎቹ በሳምንት ጊዜ ውስጥ 100 ሚሊዮን ዶላር አዋጡለትና ገባ። እንዲህ ያሉ ተመራቂዎች ከሌሉዎት አሁኑኑ ማስመረቅ ይጀምሩ። ገንዘብ ብቻውንም ላይበቃ ይችላል፤ ሜምፊስ በ2025 ስፖንሰር ይዤ፣ ድርሻዬንም ለዓመታት ትቼ ልምጣ ብሎ ለቢግ ትዌልቭ ማቅረቡ ተዘግቦ ነበር፤ አልተጠራም። በርክሌይ ደግሞ ከሁሉ የተሻለ ዘዴ አለው። እሱና ዩሲኤልኤ የሚተዳደሩት በአንድ ቦርድ ስለሆነ፣ ወንድሙ ጥሎት ቢግ ቴን ሲገባ ቦርዱ በዓመት 10 ሚሊዮን ዶላር እየከፈልክ ካሰው ብሎ ፈረደለት። ሀብታም ወንድም ይኑርዎት።

ወጪው በዚህ አያበቃም፤ ከ2025 ጁላይ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ጣሪያው 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የትኛውም ፕሬዚዳንት በዚህ ላይ እንቅልፍ አጥቷልና የእርስዎ ብቻ መስሎዎት አይደንግጡ።

በማመልከቻው ላይ ፈጽሞ የማይነሳ ነገር አለ፤ ጉዞ። የእግር ኳሱ ቡድን በመደበኛው ወቅት 12 ጨዋታ አለው፣ ግማሽ ያህሉም በሜዳው ነው፤ በተከራዩት አውሮፕላን ሄዶ ይመለሳል። የመረብ ኳስ ተጫዋቿን ግን ለአንድ ደቂቃ ያስቧት። ከሎስ አንጀለስ ኒው ጀርሲ 4 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከአዲስ አበባ ኢስታንቡል ከመሄድ ይረዝማል። እሑድ ከሰዓት ተጫውታ፣ ጉልበቷ ላይ በረዶ አስራ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ወለል ላይ ተቀምጣ የሰኞ ጠዋቱን የኬሚስትሪ ፈተና ታጠናለች። ሦስት ሰዓት የጊዜ ልዩነት ስላለ ሎስ አንጀለስ ስትደርስ ገና ማታ ነው፤ ይህን ለወላጆቿ እንደ ጥቅም ይንገሯቸው። የእሷ ጨዋታ የቴሌቪዥኑን ውል ዋጋ በሳንቲም አይለውጠውም፤ ውሉ ግን የእሷን ሳምንት ለውጦታል። በዚህ ሁሉ ድርድር ውስጥ አንድ ሰው እንኳ እሷን የጠየቀ አለ ብለው ከሆነ ተሳስተዋል። ይህንን አንቀጽ ከምክሬ ሊያወጡት ይችላሉ፤ ለማመልከቻው አይጠቅምም።

ሳይጠሩ ከቀሩ ደግሞ ኦሪገን ስቴትና ዋሽንግተን ስቴት አርአያ ይሁኑዎት። አሥሩ ሲሄዱ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ ያለው ፓክ ትዌልቭ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ። እነሱ ግን ለቅሶ አልተቀመጡም፤ ፍርድ ቤት ሄዱ። ኮንፈረንሱን የማስተዳደር ሥልጣን በእኛ እጅ ይሁን ብለው ተሟግተው አሸነፉ፤ ስሙና ካዝናው ለእነሱ ሆነ። ሁለት አባላት ብቻ ያሉት ኮንፈረንስ ሆነው ወቅቱን ተጫወቱ። በ2024 ሴፕቴምበር ደጅ ጠኚዎቹ ደጅ አስጠኚ ሆኑ፦ ቦይዚ ስቴትን፣ ኮሎራዶ ስቴትን፣ ፍሬዝኖ ስቴትንና፣ አዎ፣ ሳንዲያጎ ስቴትን ጠሩ። ዩታ ስቴት ተከተለ፤ በ2025 ቴክሳስ ስቴት ተጨመረ። ማውንቴን ዌስት አምስት አባላት ስለተወሰዱበት 55 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠየቀ፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዚህ ሁሉ መካከል ጎንዛጋ የሚባል ትንሽ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ተጠራ፤ እግር ኳስ ከ1941 ወዲህ ተጫውቶ አያውቅም። በቅርጫት ኳስ ግን በየዓመቱ አገሩን ያስደንቃል። በዚህ ምክር ውስጥ በማሸነፉ ተጠራ ብዬ የማምንበት እሱ ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚሻለው መንገድ ኖትር ዳም መሆን ነው። ኖትር ዳም በእግር ኳስ የማንም አባል አይደለም። ከ1991 ጀምሮ የሜዳው ጨዋታዎች የሚተላለፉት ከኤንቢሲ ጋር ባለው የግል ውል ነው፤ ቢግ ቴን ለዓመታት በሩን ከፍቶ ጠብቆት አልገባም። ይህ ግን ጥረት የሚያመጣው ስላልሆነ ምክር አልሰጥበትም።

ወደፊት ማን ይጠራል? ፍሎሪዳ ስቴትና ክሌምሰን ኤሲሲን ከሰው ነበር፤ በ2025 ማርች ታረቁ። በእርቁ መሠረት ኤሲሲን ለቆ ለመውጣት የሚከፈለው ገንዘብ በየዓመቱ እየቀነሰ በ2030–31 የውድድር ዘመን 75 ሚሊዮን ዶላር ላይ ይቆማል። የቢግ ቴን የቴሌቪዥን ውል በ2030 ያልቃል፤ የቢግ ትዌልቭ በ2031። የኖርዝ ካሮላይናና የቨርጂኒያ ስም ከወዲሁ አዘውትሮ ይነሳል፤ የእርስዎ ዩኒቨርሲቲ ስም ተነስቶ ከሆነ አልሰማሁም። ስለዚህ ሹመቱን ከተቀበሉ እነዚያን ሁለት ዓመታት ከሌላ ሥራ ነፃ ያድርጓቸው፤ አዲስ የሕክምና ፋኩልቲ ለመክፈት ያሰቡ እንደሆነም ከዚያ በፊት ይጨርሱት፣ በኋላ ስብሰባ የሚመጣልዎት ሰው አያገኙም።